«የግንዛቤ እጥረት» ያለበት ማነው?

በአማርኛችን ውስጥ እንደ «የግንዛቤ እጥረት» የሚያንገበግበኝ ሐረግ የለም። ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ በማስተማር የገፋ ሰው በቃል መንገብገቡ የሙያ በሽታ ነው በሉና እለፉኝ። ግን እስቲ ልብ ብላችሁ አድምጡት። የተተከለው ችግኝ ሲደርቅ «በኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ይባላል። የቦኖ ቧንቧው ሲሰበር «የግንዛቤ እጥረት»። ችግኙን ዝናብ ካቆመ በኋላ ያስተከለው ኃላፊና ቧንቧውን በስስ ብረት የገጠመው ኮንትራክተር ግንዛቤያቸው ሙሉ ነው ማለት ነው። አንዲት እናት የፖሊዮ ጠብታ ይዛ በሯን ላንኳኳች ልጅ «ባለፈው ሰጥታችሁት የለም እንዴ? ደግሞ ለምን?» ብላ ስትጠይቅም ያው ነው። ጥያቄዋ መልስ አያገኝም፤ ስም ይወጣለታል። የግንዛቤ እጥረት።

«እጥረት» የሚለውን ቃል ከየት እንደምናውቀው አንዘንጋ። የስኳር እጥረት፣ የዘይት እጥረት፣ የሲሚንቶ እጥረት። የሚያጥረው ከማዕከል ተጭኖ፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ እያለ ወርዶ ቀበሌ ላይ የሚታደል ዕቃ ነው። ግንዛቤም እንዲሁ ሆኖላችኋል። አዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይመረታል (ከሻይ ዕረፍት ጋር)፣ ይጫናል፣ ከዚያ ለአርሶ አደሩና ለአርብቶ አደሩ ይታደላል። ግሱንም ተመልከቱልኝ፤ «ማስጨበጥ»። አንዱ ወገን ይሰጣል፣ ሌላው መዳፉን ዘርግቶ ይጨብጣል። አንዲት የዋርዴር እናት ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የግማሽ ቀን ግንዛቤ ስታስጨብጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አበልስ ተከፍሏት?

ዛሬ የምሟገተው ስለ አንድ በሽታ ነው፤ ስለ ፖሊዮ፣ በአማርኛ ስሙ ስለ የልጅነት ልምሻ። (ምን ያለ ስም ነው! በሽታውንም የሚመርጠውንም ሰለባ በሁለት ቃል ጨርሶታል።) ክርክሬ አጭር ነው። ይህን በሽታ ከምድር ለማጥፋት በተደረገው ረጅም ዘመቻ ላይ የተጋረጡት ትላልቆቹ መሰናክሎች ከእናቶች አለማወቅ አልተወለዱም። የተወለዱት ዐዋቂ ከተባለው ወገን ነው፤ ከጥፋቱና ጥፋቱን ተከትሎ ከመጣው ዝምታ።

ክትባት የሚጠላ ሰው ይህን አንብቦ ጽሑፌን ቆርጦ ለመያዝ መቀሱን ካነሣ፣ መልሶ ያስቀምጥልኝ። ጠብታው ተአምር ሠርቷል። በ1988 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ ቫይረሱ የኛን ካላንደር አያውቅም) የዓለም ጤና ጉባኤ ፖሊዮን እስከ 2000 ለማጥፋት ሲወስን፣ ከ125 በሚበልጡ አገሮች በዓመት 350 ሺህ ያህል ሕጻናት ሽባ ይሆኑ ነበር። በ2021 በመላው ዓለም በተፈጥሮው ቫይረስ ሽባ ሆነው የተመዘገቡት ስድስት ናቸው። ስድስት ሺህ አላልኩም፤ ስድስት። ከሦስቱ የተፈጥሮ ቫይረስ ዓይነቶች ሁለቱ ከምድር ጠፍተዋል፤ የዓይነት 2 መጥፋት በ2015፣ የዓይነት 3 ደግሞ በ2019 ተረጋግጧል። ነሐሴ 2020 የአፍሪካ ቀጣና ከተፈጥሮው ቫይረስ ነጻ መሆኑ ታወጀ። ይህ ሁሉ የሆነው ሕጻን ምላስ ላይ በሚወርዱ ሁለት ጠብታዎች፣ ጠብታዎቹንም በበረዶ ሳጥን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ወንዝና ገደል በሚሻገሩ ሰዎች ነው። ልጃችሁን አስከትቡ። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ የሚጀምረው እናትየዋ «ደግሞ ለምን?» ያለች ጊዜ ነው።

የሰሜን ሕንድ እናቶች ይህን ጥያቄ ለዓመታት ጠይቀዋል። በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር ጠብታውን ከአሥር ጊዜ በላይ ወስደው ሽባ የሆኑ ልጆች ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። ታዲያ «አሥር ጊዜ ወስዶ ካልጠቀመው አሥራ አንደኛው ምን ያደርግለታል?» ማለት አለማወቅ ነው? በኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ የጠየቀ ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል። የጠብታው ክትባት ሕይወት ያለው፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። ሥራውን የሚሠራው ሕጻኑ አንጀት ውስጥ ተራብቶ ነው። ንጹሕ ውሃ በሌለበት፣ ተቅማጥ ከቤት በማይወጣበት፣ ሰው በሰው ላይ በሚኖርበት ሰፈር ግን አንጀቱ በሌሎች ተሐዋስያን ተይዞ ጠብታው በቅጡ አይይዝም። ስለዚህ ሰዉ «ጠብታ ጠብታ ትሉናላችሁ፤ ውሃው የታለ? ሽንት ቤቱስ? የልጁን ተቅማጥ ማን ያክመው?» ሲል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ሰው የደከመበትን ነገር በራፉ ላይ ቆሞ እየተናገረ ነበር።

ሕንዶች መጨረሻ ላይ ሰሙት። በ2009 በሁለቱ ግዛቶች ችግሩ የባሰባቸውን 107 ወረዳዎች ለይተው ክትባቱን ከውሃ ንጽሕና፣ ከእጅ መታጠብና ከተቅማጥ ሕክምና ጋር አያያዙት። ክትባቱን በሚጠራጠሩ ሰፈሮች ኢማሞቹን፣ መምህራኑን፣ የሰፈር ሴቶችን ይዘው ገቡ። የተሻሻለ ጠብታም ደረሰላቸው። የመጨረሻዋ ልጅ ሐውራ ውስጥ የታመመችው ጥር 2011 ነው፤ መጋቢት 2014 ሕንድ ከፖሊዮ ነጻ ተባለች። ሊቃውንቱ ሕንድ የመጨረሻዋ አገር ትሆናለች ሲሉ የኖሩባት አገር!

አሁን ወደ ካኖ እንምጣ። ስለ ክትባት ተቃውሞ በተወራ ቁጥር የሚጠቀሰው የሰሜን ናይጄሪያው ካኖ ነው። በ2003 የግዛቱ መሪዎችና አንዳንድ የሃይማኖት አባቶች «ጠብታው ሴቶቻችንን መካን ያደርጋል፣ ኤችአይቪ አለበት» ብለው ዘመቻውን አስቆሙት። ወደ 11 ወር ገደማ ካኖ ውስጥ ጠብታ አልተሰጠም። ቫይረሱ ያን ጊዜ አላባከነም። ከናይጄሪያ ተነሥቶ ወደ 20 የሚጠጉ አገሮችን አዳረሰ። እኛም አልቀረልንም፤ ከ2001 ወዲህ ያላየነው በሽታ በ2004 መጨረሻ በሱዳን በኩል ገብቶ ልጆቻችንን አገኛቸው። እምነቱ ሐሰት ነበር፤ ዋጋውም የተከፈለው በሕጻናት እግር ነው። ይህን አልክድም።

ግን ካኖ ለምን ጠረጠረች? እዚህ ላይ ተራኪዎቻችን አንድ ገጽ ዘለው ያነባሉ። በ1996 ካኖ በማጅራት ገትር ስትታመስ፣ ፋይዘር የተባለው ግዙፍ የመድኃኒት ኩባንያ መጥቶ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒቱን 200 ሕጻናት ላይ ባደረገው ጥናት ፈተነ። ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ የተለመደውን መድኃኒት ወሰዱ። 11 ሞቱ። ኩባንያው የገደላቸው በሽታው ነው አለ፤ ወላጆች ደግሞ ሙከራ መሆኑን የነገረን የለም አሉ። ክርክሩ ለዓመታት ተጎትቶ በ2009 ኩባንያው ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። እንግዲህ አስቡት። ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ልጅዋ ላይ ምን እንዳደረገ ያልተነገራት እናት፣ በ2003 ሌላ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው «ነጻ ነው፣ አፉን ክፈቺልኝ» ሲላት ብትጠረጥር፣ የጎደላት ግንዛቤ ነው? ይልቅ ትዝታዋ አልጎደለም።

ካኖን የፈታት ምን እንደሆነም እንንገር። ስድብ አልፈታትም። ጠብታው በተለያዩ አገሮች ተመረመረ፤ የሙስሊሞች አገር ከሆነችው ከኢንዶኔዥያ የተሠራ ክትባት እንዲመጣ ተደረገ፤ ሐምሌ 2004 አገረ ገዢው የገዛ ልጃቸውን ሰው ፊት አስከተቡ። ታሪክ ደግሞ ጨካኝ ቀልደኛ ናት። ለካኖ ክትባት የሰጠችው ኢንዶኔዥያ በ2005 ዘሩ ከናይጄሪያ በሚመዘዝ ቫይረስ ተመታች፤ ከ300 በላይ ልጆቿ ሽባ ሆኑ።

ካኖ የጠረጠረችው አንድ ኩባንያ በሠራው ነው። ፓኪስታን ውስጥ ግን ክትባት ራሱ መንግሥት መሣሪያ ሆኖ ታየ። በ2011 የአሜሪካው ሲአይኤ ኦሳማ ቢን ላደን የተደበቀበትን ቤት ለማረጋገጥ ሲፈልግ፣ አንድ የአገሩን ሐኪም መልምሎ አቦታባድ ከተማ ውስጥ የጉበት በሽታ ክትባት ዘመቻ አስመስሎ ቤት ለቤት አሰማራ። ዓላማው ከግቢው ልጆች ደም ናሙና ማግኘት ነበር። ወሬው በዚያው ዓመት ወጣ። ታጣቂዎች በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ በሰሜን ዋዚሪስታን የፖሊዮ ክትባት አገዱ፤ ታኅሣሥ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዘጠኝ የክትባት ሠራተኞች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ልብ በሉ፤ የስለላውን ዕቅድ ላንግሌ ቢሮ ውስጥ ያወጣው ሰው ምንም አልሆነም። የሞቱት ለቀን ውሎ ጥቂት ሩፒ የሚከፈላቸው፣ የበረዶ ሳጥን የተሸከሙ ልጃገረዶችና እናቶች ናቸው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ኮሌጆች ዲኖች ተቃውሟቸውን ጽፈው፣ ኋይት ሐውስ በግንቦት 2014 «ሲአይኤ ከእንግዲህ ክትባትን ለስለላ አይጠቀምም» አለ። በዚያ ዓመት ፓኪስታን ውስጥ 306 ልጆች ሽባ ሆነዋል። ጦርነቱም፣ ድሮኑም፣ የታጣቂዎቹ ጭካኔም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም በአንድ ሐኪም አናላክክ። ነገር ግን «ክትባቱ ስለላ ነው» ለሚል ሰው፣ የዓለም ኃያሏ አገር የሐሰት ወሬውን እውነት አድርጋ ሰጠችው። ዛሬም ፓኪስታንና አፍጋኒስታን የተፈጥሮው ቫይረስ ያልወጣላቸው ሁለት አገሮች ናቸው፤ በ2021 ስድስት የነበረው ቁጥር በ2024 ወደ 99 ወጥቷል።

«ይሁና፤ ካኖም ፓኪስታንም ሩቅ ናቸው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አገባን እንጂ! በ2013 ከናይጄሪያ የዘር ሐረግ የሆነ ቫይረስ ሶማሊያ ውስጥ እሳት አስነሥቶ ወደ ሶማሌ ክልላችን ዶሎ ዞን ተሻገረ፤ አሥር ልጆች ተያዙ። የመጨረሻው በጥር 2014 ነው። ያ እሳት የጠፋው በበረሃው ውስጥ ግመል ተከትለው፣ ውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆመው፣ ድንበር መሻገሪያ ላይ እየጠበቁ ጠብታ በሰጡ ሰዎች ነው። ሰኔ 2017 አገራችን ከተፈጥሮው ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ። አጨበጨብን፤ ይገባናል።

በ2019 ግን በዚያው በሶማሌ ክልል ልጆች ዳግም ሽባ መሆን ጀመሩ። ከዚያ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። ይህኛው የተፈጥሮው ቫይረስ አይደለም። እዚህ ላይ ነው አዳራሹ ውስጥ ጉሮሮ መጥረግ የሚበዛው፤ ምክንያቱም ይህኛው ከክትባቱ የተገኘ ነው።

በግልጽ ልንገራችሁ። የተከተበ ሕጻን የተዳከመውን ቫይረስ ለጥቂት ሳምንታት በዓይነ ምድሩ ያወጣል። አብዛኛው ልጅ በተከተበበት መንደር ይህ በጎ ነገር ነው፤ ያልደረሰው ልጅም አብሮ ይከተባል። ብዙ ልጆች ባልተከተቡበት፣ ሽንት ቤት በሌለበት ቦታ ግን ያ የተዳከመ ቫይረስ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ለረጅም ጊዜ እየተላለፈ ቀስ በቀስ ባሕርዩን ይለውጣል፤ እንደ ጥንቱ ሽባ የሚያደርግ ይሆናል። አድራጊው ጠብታው ብቻ አይደለም፤ ጠብታው ያልደረሳቸው ልጆች መብዛት ነው። መድኃኒቱም ያልተከተበ ልጅ እንዳይቀር ማድረግ ነው። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። እርሾ የምታውቅ ሴት፣ አንድ ነገር ከእቃ ወደ እቃ ሲጋባ እንደሚለወጥ ታውቃለች።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሌላም አለ። ከክትባት ከሚገኙት ቫይረሶች አብዛኞቹ ዓይነት 2 ስለሆኑ፣ የተፈጥሮው ዓይነት 2 ደግሞ ከ1999 ወዲህ ስላልታየ፣ በሚያዝያ 2016 በሁለት ሳምንት ውስጥ 155 አገሮችና ግዛቶች ዓይነት 2ን ከጠብታው አወጡት። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ነገር ግን ቀድመው የነበሩት የዓይነት 2 ወረርሽኞች በሙሉ አልጠፉም ነበር፤ ክፍተቱን ይሞላል የተባለው የመርፌ ክትባትም ለሁሉም የሚበቃ አልነበረም። ውጤቱስ? ከዚያ በኋላ የተወለዱ ልጆች አንጀታቸው ዓይነት 2ን ሳያውቅ አደገ፤ ቫይረሱም ሜዳ አገኘ። ፕሮግራሙ ራሱ ያስጠናውና በ2024 የወጣው ግምገማ ውሳኔው መክሸፉን ሳይሸፋፍን ተናገረ። በእነዚያ ዓመታት በዓይነት 2 ሽባ የሆኑት ልጆች ከ3 ሺህ በላይ ናቸው። የኛዎቹም ከዚሁ ቁጥር ውስጥ ናቸው።

እስቲ አሁን ልጠይቃችሁ። በዚያ ሚያዝያ የተሰበሰቡት ሰዎች የግንዛቤ እጥረት ነበረባቸው የሚል ሪፖርት አንብባችኋል? አይባልም። ለነሱ «ያልተጠበቀ ተግዳሮት» የሚል ሐረግ አለ። ቋንቋችን ለላይኛው ቤት አንድ መዝገበ ቃላት፣ ለታችኛው ቤት ሌላ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ደግ ቋንቋ ነው።

በየካቲት 2025 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕጻናትን ለመድረስ አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ጥሩ ነው፤ ደግፌዋለሁ። በመንገድ ላይ የሚሰቀሉትን ባነሮች ግን አንብቧቸው። «ፖሊዮን እናጥፋ!» «ሁለት ጠብታ ለእያንዳንዱ ሕጻን!» ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ነጻ ተብለን ካጨበጨብን በኋላ ይህ በሽታ ከየት መጣ ለሚል ሰው መልስ የለም። ሳጥን የተሸከመችው ልጅም መልስ የላትም፤ ለሷም የነገራት የለም። ከጠዋት እስከ ማታ ትዞራለች፣ የልጁን ጣት ቀለም ትቀባለች፣ በሩ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፣ «ለምን ደግሞ?» ስትባል መሬት መሬቱን ታያለች።

አንድ ባለሙያ ወዳጄን በዚህ ጉዳይ ብሞግተው፣ «እንዳልከው ብንናገር ሕዝቡ ይደናገጣል፤ ጭራሽ ጠብታ አንፈልግም ይላል» አለኝ። ቅን ሰው ነው፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። ግን ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ ዶሎ ውስጥም ስልክ አለ። «በሽታውን ያመጣው ክትባቱ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ከባለሙያው ቀድሞ ደርሷል። ግማሹን እውነት ከወሬኛ የሰማ ሰው ሌላውን ግማሽ በኋላ ብትነግረው «ደብቃችሁኝ ነበር» ይልሃል፤ ልክም ነው።

ሁለተኛው መልሴ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 1955 አሜሪካ ውስጥ የሳልክ መርፌ በታላቅ ደስታ በተፈቀደ በሁለት ሳምንቱ፣ ከተር በተባለ ፋብሪካ በተመረተው ክትባት ውስጥ ሕያው ቫይረስ ተገኘ። ወደ 200 ሰዎች ሽባ ሆኑ፣ አሥር ሞቱ። ከዚህ የከፋ ምን ይምጣ? መንግሥት ክትባቱን ሰበሰበ፣ ዘመቻውን አቆመ፣ ፋብሪካዎቹን መረመረ፣ ቁጥጥሩን አጠበቀ፣ ጋዜጦችም ጻፉት። ከዚያ እንደገና ተጀመረ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ። በ1955 ወደ 29 ሺህ የነበረው የሕሙማን ቁጥር በ1957 ከ6 ሺህ በታች ወረደ። አሜሪካዊት እናት እውነት ስትሰማ አልበረገገችም፤ የኛዋ ትበረግጋለች ያለው ማነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ሕዝቡን ስንመክር የኖርን ሰዎች፣ ተረቱ ለኛም እንደሚሠራ ማን ይንገረን?

ዶሎን ከተሻገርን አይቀር፣ ከድንበሩ ማዶ ስለኖረ አንድ ሰው ላውራችሁ። ዓሊ ማዎ ማዓሊን ይባላል። በ1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረ የ23 ዓመት ወጣት ነው። ሁለት የፈንጣጣ ሕሙማን የጫነ መኪና መንገድ ሲጠይቀው ገብቶ አሳየ፤ አብሯቸው የቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ታመመ። በዓለም ታሪክ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። እንግዲህ ሆስፒታል እየሠራ ለምን አልተከተበም? መርፌው የሚያም ስለመሰለው ፈርቶ ነው። ይህን ራሱ ነው የተናገረው።

ተረፈ። ሸምግሎም የፖሊዮ ክትባት አስተባባሪ ሆነ። ጠብታውን አንፈልግም ያሉ ወላጆች ዘንድ ሲሄድ ባነር አይዘረጋም። የራሱን ታሪክ ያወራል፤ እኔም ፈርቼ ነበር፣ በመፍራቴ ይህ ደረሰብኝ ይላቸዋል። ሰሙት። ሶማሊያ ለዓመታት ከፖሊዮ ነጻ ሆና ስትቆይ የሱም ድካም አለበት። በ2013 ቫይረሱ ሲመለስ እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሐምሌ ላይ በዘመቻው መሐል ወባ ገደለችው። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ግን «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለውን ጉዳይ ከኛ ሥልጠና ሰነዶች ሁሉ በተሻለ ያወቀው እሱ ይመስለኛል። ከሰዎቹ አጠገብ ነው የተቀመጠው፤ ፍርሃታቸውን የራሱ አድርጎ ነው የጀመረው።

እምቢተኛው ድሃና መሃይም ብቻ ነው የሚል ካለ ደግሞ ኒው ዮርክ ድረስ ይምጣልኝ። በ2022 ክረምት ሮክላንድ በተባለው አውራጃ አንድ ያልተከተበ ወጣት በፖሊዮ ሽባ ሆነ፤ ይኸው ከክትባት የተገኘ የዓይነት 2 ቫይረስ ነው። በአውራጃው ከሁለት ዓመት ሕጻናት መካከል ተገቢውን ክትባት ያገኙት ከአሥሩ ስድስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪሙ፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ በደጃቸው ነው። ለነሱ ግን የግንዛቤ እጥረት አልተባለም። «ማመንታት» ተባለ። እንዴት ያለ ጨዋ ቃል ነው! ፈረንጅ ያመነታል፤ የኛ ሰው ይጎድለዋል።

እሱም ቢቀር፣ የአዲስ አበባን ቪላዎች ማየት ነው። የክትባት ሠራተኛዋ ጭቃ ሰፈር ውስጥ ቡና ተጠርታ ትገባለች፤ ትልቁ የብረት በር ላይ ስትደርስ ግን ዘበኛው «ጌቶች የሉም» ይላታል። ደግማ ብታንኳኳ «ልጆቹ የግል ክሊኒክ ነው የሚከተቡት» ትባላለች። አንድ ቀን ደግሞ «በሩ አዲስ ቀለም ነው፣ በጠመኔሽ እንዳትነኪው» ስትባል ሰምቻለሁ። ዘመቻው የሚደገመው ልጁ ከዚህ በፊት ቢከተብም መሆኑን እኒያ ጌቶች ያውቃሉ? አያውቁም። ሊያውቁ የሚችሉበት ሁሉ ግን በእጃቸው ነው። በየትኛው ረድፍ እንመዝግባቸው?

ታዲያ ምን ይባል? እንዲህ ቢባልስ፤ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ ሰዉ በሚናገረው በማንኛውም፦ «እህቴ፣ ባለፈው መስጠታችንን አውቃለሁ። አንዴ የተሰጠ ጠብታ ሁሉም ልጅ ሆድ ላይ አይይዝም፤ ተቅማጥ ያለበት ላይ ደግሞ ይባስ። ለዚህ ነው የምንደግመው። ሌላም ነገር አለ፤ ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። አሁን የሚዞረው ቫይረስ ከጠብታው የወጣ ነው። ባልተከተቡ ልጆች መሐል ሲዘዋወር ቆይቶ ተለወጠ። በደንብ የተከተበ ልጅ ይቋቋመዋል፤ ያልተከተበውን ግን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። አሁን የያዝኩት አዲስ የተሠራ ጠብታ ነው፤ እንደ ድሮው ቶሎ አይለወጥም፣ ፈጽሞ አይለወጥም ግን አልልሽም። የውሃውን ነገር ደግሞ ያልሽኝን ጽፌዋለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እውነት እንድትሆን ልጅቷ በእርግጥ መጻፍ አለባት፤ የተጻፈውንም የሚያነብ ሰው መኖር አለበት። ይህን ሁሉ ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አዲሱ ጠብታ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሊቅ የደከመበት ነው፤ ተሸካሚዋ ስለሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንድታውቅ መክፈል ያቅተናል? የሚቀጥለው ዘመቻ ሥልጠና ሲዘጋጅ፣ ከቅጽ አሞላሉና ከበረዶ አደራደሩ ጎን ለዚህ አንድ ሰዓት ይመደብ። ሪፖርቱ ላይም «በግንዛቤ እጥረት ያልተከተቡ» በሚለው ፈንታ «ምን ብለው ጠየቁ?» የሚል ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይግባ፤ ወረዳውም፣ ዞኑም፣ አዲስ አበባም ሳይቆርጥ እንዳለ ወደ ላይ ያሳልፈው።